የስኬልቢ ሁለት ክለቦች

ስኬልቢ ከዳር እስከ ዳር ዞረው የቀዱት ሻይ ሳይበርድ የሚመለሱባት ከተማ ናት። እንዲህ ትንሽ ሆና ሳለ ግን ሁለት የእግር ኳስ ክለብ ነበራት። ትልልቆቹ ክለቦች የሚጫወቱበት ሊግ ደጃፍ ሁለቱም ደርሰው አያውቁም። ተጫዋቾቻቸው ሳምንቱን ሙሉ ቧንቧ ሲጠግኑና ጭነት ሲያመላልሱ ሰንብተው ቅዳሜ ብቻ ማሊያ የሚለብሱ፣ በአውራጃ ውድድር በጭቃና በዝናብ የኖሩ ክለቦች ነበሩ። አንደኛው ስኬልቢ ታውን፣ ቀይ ለባሹ ነው። ሌላኛው የገመድ ፋብሪካው ክለብ፣ ጥቁርና ቢጫ ለባሹ። ሁለቱን ሜዳዎች የሚለያቸው አንድ የጡብ ግንብ ነው። ከአንዱ ሜዳ ወደ ላይ የተጠለዘ ኳስ ሌላው ሜዳ ውስጥ ይወድቃል፤ የወደቀበት ወገንም ለመመለስ አይቸኩልም።

ኖሪን አልድክሮፍት የታውን ጸሐፊ ነበረች። አባቷ የክለቡ በረኛ ነበሩ፤ ጓንታቸውን ሲሰቅሉ ጸሐፊ ሆኑ፣ ሲያረጁ ደግሞ ሥራውን ለልጃቸው ተዉላት። ባሏ ክላይቭ ግን ዕድሜውን በሙሉ በገመድ ፋብሪካው የሠራ፣ አባቱም የፋብሪካውን ክለብ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የነበሩ ሰው ነው። ሁለቱ ሲጋቡ ከተማው ብዙ ቀልዷል። እነሱ ግን መላ አበጁ። ቅዳሜ ከቤት አብረው ይወጣሉ፤ ግንቡ ጋ ሲደርሱ እሷ ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ። ማታ ራት ላይ ስለ አየሩ ጠባይ ያወራሉ። ክለቦቹ እርስ በርስ በተጋጠሙ ዕለት ደግሞ ስለ አየሩም አያወሩም።

ድሮ ክለቡ አንድ ነበር፤ ለሁለት የተከፈለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው፤ ለምን እንደተከፈለ የሚያውቅ ግን በሕይወት የለም። የታውን ሰዎች እንደሚሉት የፋብሪካው ልጆች የገዛ አምበላቸው ከቡድኑ በመቀነሱ አኩርፈው ወጡ። የፋብሪካው ሰዎች እንደሚሉት ደግሞ የክለቡ ኮሚቴ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ተጫዋቾች እጃቸው ሬንጅ ስለሆነ በኋላ በር ይግቡ ብሎ ወሰነ፤ እነሱም በኋላ በር ከመግባት የራሳችንን በር እንሠራለን ብለው ወጡ። ኖሪን ሁለቱንም ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታለች። የትኛው እውነት እንደሆነ ግድ አልነበራትም። የሚያንገበግባት፣ አንድ ጥሩ ቡድን ሊወጣት የሚችል ከተማ ሁለት ደካማ ቡድን ይዛ ስትንፏቀቅ ማየት ነበር።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ማሽኖቹ በጭነት መኪና ተወሰዱ፤ ሕንጻውና ሜዳው ለሱፐርማርኬት ተሸጠ። ውድድሩን የሚመሩት ሰዎችም የፋብሪካው ክለብ እስከ መጋቢት መጨረሻ ሌላ ሜዳ ካላገኘ እንደሚሰረዝ አስታወቁ። ከግንቡ ወዲያ ማዶ ታውን ሜዳ አለው፣ ጣሪያ ያለው መቀመጫ አለው፣ የምሽት መብራት አለው፤ ተጫዋች ግን የለውም። በዚያው ክረምት፣ በበረዶው ወራት፣ አንድ ቅዳሜ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ የአውቶቡሱን ሹፌር በረኛ አድርገው ተሸንፈው ተመልሰዋል። በአንድ ወገን ተጫዋች የሌለው ሜዳ፣ በሌላ ወገን ሜዳ የሌላቸው ተጫዋቾች። ኖሪን ይህን ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃል ብላ አሰበች።

አልበቃም። ሁለቱ ክለቦች ይዋሃዱ የሚለውን ሐሳብ ይዛ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ታውን ሊቀ መንበር፣ ጡረታ ወደ ወጡት የጥርስ ሐኪም ሚስተር ሊዮናርድ ጋርበት ነው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ክላይቭ በመኪና አደረሳት፤ እሱ ራሱ ግን አልገባም፣ ጋዜጣውን ይዞ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ሚስተር ጋርበት አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ጥለው የወጡት እነሱ ናቸው» አሉ። «መመለስ ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው።»

«ሚስተር ጋርበት፣ ጥለው የወጡት ሰዎች እኮ መቃብር ገብተዋል።»

«ልጆቻቸው አሉ።»

«አዎ» አለች ኖሪን። «አንዱን አግብቼዋለሁ። ውጪ እየጠበቀኝ ነው።»

ክረምቱ በሙሉ እንዲህ አለፈ። የፋብሪካው ክለብ ሊቀ መንበር ስታን ሞወር፣ አንገቱ የማይዞር ወፍራም ገመድ ሠሪ፣ መዋሃዱን ገና ከመጀመሪያው ተቀበለ፤ ከተቀበለ በኋላ ግን በእያንዳንዱ ነገር ተከራከረ። ስሙ ምን ይባል? ታውን የሚለው ቃል እንዳይገባ። ፋብሪካ የሚለውስ? እሱን ደግሞ ሚስተር ጋርበት አይሰሙም። ማሊያው ቀይ ከሆነ ቁምጣው ጥቁር ይሁን፤ ካልሲውስ? በካልሲ ምክንያት ሁለት ስብሰባ ፈረሰ። በግማሽ ሰዓት የሥጋ ኬክና ሻይ የሚሸጡት የየትኛው ወገን ሴቶች ይሁኑ የሚለው ደግሞ ከካልሲው የባሰ ሆነ። ኖሪን ቀን ፖስታ ቤት ስትሠራ ትውላለች፣ ከዚያ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ትመላለሳለች፤ ያንዱን ቁጣ አለስልሳ ለሌላው ታደርሳለች። ክላይቭ ያደርሳታል፣ ይመልሳታል። ተስፋ ስትቆርጥ፣ «ልክ ነሽ፣ ሌላ ምን ምርጫ አለ?» ይላታል። ኖሪን ያን ክረምት ባሏን ከምንጊዜውም በላይ ወደደችው።

በስተመጨረሻ ሁሉም አለቀ። ስሙ ስኬልቢ ብቻ፣ ቀይ ማሊያ፣ ጥቁር ቁምጣ፣ ቢጫ ካልሲ፤ ሻዩን በየተራ። የሁለቱም ክለብ አባላት በየፊናቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያጸድቁት ተወሰነ። ታውን እያጉረመረመ አጸደቀ። የፋብሪካው ክለብ ደግሞ በቀጣዩ እሑድ እኩለ ቀን፣ በአሮጌው የሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ተሰበሰበ። ኖሪን ነገሩን እንድታስረዳ ተጋብዛ ስለነበር የምሳውን ጥብስ ምድጃ ውስጥ ከትታ፣ ከክላይቭ ጋር ሄደች። እሱ ከአባላቱ መሀል ተቀመጠ፤ እሷ መድረኩ ላይ፣ ከስታን ጎን።

አሳምራ ተናገረች። የጠየቁትን መለሰችላቸው። አንድ ሽማግሌ ስለ ኋላ በር ሲያነሱባት እንኳ ሳትናደድ፣ በአዲሱ ክለብ አንድ በር ብቻ እንደሚኖር ነገረቻቸው፤ ሰውም ሳቀ። ስታን የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ። አዳራሹ በእጅ ተሞላ። ኖሪን የትከሻዋ ሸክም ሲወርድ ተሰማት። ቀጥሎ የሚቃወም እጁን ያውጣ አለ። እዚህም እዚያም እጆች ወጡ፤ ካሰበችው ይልቅ በዙ። ከመስኮቱ አጠገብ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ክላይቭም እጁን አወጣ።

መጀመሪያ ያየችውን አላመነችም። ሳይገባው ቀርቶ ነው ብላ አሰበች። ስታን ቆጠረ፣ አንድ ወረቀት ላይ ደመረ፣ እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለሁለት ሦስተኛው አንድ ድምፅ መጉደሉን ተናገረ።

ከአዳራሹ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። የተቃወሙት ራሳቸው የደነገጡ ይመስሉ ነበር። ኖሪን ዝቅ ባለ ድምፅ ስታንን እንደገና ድምፅ ይሰጥ ብላ ጠየቀችው። ስታን ደንቡ እንደማይፈቅድ ነገራት። አንድ ጊዜ የወደቀ ሐሳብ በዚያው የውድድር ዓመት ተመልሶ አይቀርብም። ደንቡን ማን እንዳወጣው ስትጠይቀው የክላይቭ አባት መሆናቸውን ነገራት።

ወደ ቤት በወንዙ ዳር ሲሄዱ ከእሱ ቀድማ ተራመደች። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«ለምን?»

«ያልፋል ብዬ ነው» አለ ክላይቭ።

«ምን?»

«ያልፋል ብዬ ነው፣ ኖሪን። ሁሉም ሰው የሚደግፍ መሰለኝ። ጠዋት ስላጭ አባቴ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ያቆሙት ክለብ ሲጠፋ አንድ ሰው እንኳ እንቢ የሚል ይጥፋ? አልኩ። አንድ እጅ። እናንተ ታሸንፋላችሁ፣ እኔም ለአባቴ የሚገባውን አደርጋለሁ ብዬ ነው። መዋሃዱን እፈልገዋለሁ እኮ።»

«ትፈልገዋለህ።»

«እፈልገዋለሁ።»

ኖሪን ልትጮህበት አፏን ከፈተች። የምትለው ብዙ ነበር፤ ግን ዘወር ብላ ድልድዩን ተሻገረች። ቤት ሲደርሱ ጥብሱ ከስሎ ነበር። ቆራርሳ ሳህን ላይ አደረገችለት፤ እሱም እስከ መጨረሻው በላው።

በማግስቱ ፖስታ ቤት የመጣው የመጀመሪያ ደንበኛ የከተማው ጸጉር አስተካካይ ነበር። ቴምብር ገዛ፤ ገዝቶ ግን አልሄደም። ድምፁን ቀንሶ፣ እሱም እጁን ያወጣው ያልፋል ብሎ እንደነበር ነገራት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ወንድማማቾች መጡ፤ እነሱም ያልፋል ብለው ነው፣ አያታቸውን አስበው። ሳምንቱ ሳያልቅ የስታን ምክትል ራሱ፣ ፓስታና ሳሙና የያዘ ዘንቢሉን እንዳንጠለጠለ፣ ያንኑ ቃል በዚያው ቃና ደገመላት። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሰው ገና አፉን ሳይከፍት፣ «ቴምብር ነው ወይስ ይቅርታ?» አለችው። ሰውየው ቴምብር አለና ወጣ።

እጇን አጣጥፋ ግን አልተቀመጠችም። ስታን ጋ ሄዳ፣ መዋሃዱ ቢቀር የታውንን ሜዳ ለአንድ ዓመት ተከራዩ አለችው። ስታን ተከራይ ሆኖ መግባትና በኋላ በር መግባት ልዩነቱ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ሚስተር ጋርበት ጋ ስትሄድ ደግሞ ተዋርደናል አሉ። እኛ እጃችንን ዘርግተን እነሱ ምራቃቸውን ተፉበት፤ ከእንግዲህ ቢለምኑንም አንሰማም። ኖሪን አንድ ድምፅ ብቻ መጉደሉን፣ ያም ድምፅ የገዛ ባሏ መሆኑን ነገረቻቸው። ሚስተር ጋርበት በሐዘኔታ አዩዋትና ሻይ ይቅረብልሽ አሏት። ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች። እነዚህ ሰዎች ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ክፉ ሰው ይሰደባል። እነዚህ ግን ደግ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጥርሷን ነቅለውላታል፣ ሌላው አባቷ የሞቱ ጊዜ ሬሳቸውን ተሸክሟል።

መጋቢት አለቀ። የፋብሪካው ክለብ ተሰረዘ። በግንቦት ሜዳውን የሚያርሱ ማሽኖች መጡ፤ ግንቡንም አብረው አፈረሱት። ጥሩ ጥሩዎቹ ተጫዋቾች ጎረቤት ከተማ ሆልምዌል ሄደው ፈረሙ። ሁለቱም የስኬልቢ ክለቦች ለዘመናት ሲንቁት ለኖሩት ለሆልምዌል! ወደ ታውን የመጣ አንድም አልነበረም። ታውንም የዚያን ዓመት ውድድር ከሁሉም ግርጌ ሆኖ ጨርሶ አንድ ደረጃ ወረደ።

መኸር ገባ፤ አዲሱ ውድድር ተጀመረ። ክላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜ መሄጃ አጣ። አንዱን ቅዳሜ የጓሮውን ዕቃ ቤት ሲያጸዳ ዋለ። ሌላውን ቅዳሜ ያንኑ የጸዳ ዕቃ ቤት ሲያጸዳ ዋለ። ኖሪን አይታ እንዳላየች ሆና ለብቻዋ ወጣች። ያን ሰሞን በመሀላቸው ያለው ንግግር ወተት አለ፣ ወተት የለም ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ኖሪን በመግቢያው በር ጠባብ ክፍል ውስጥ ቲኬት ስትሸጥ ክላይቭ ከፊቷ ቆሞ አገኘችው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«ለጡረተኛ ግማሽ ዋጋ ነው አይደል?» አለ።

«ለደጋፊ ጡረተኛ።»

ክላይቭ ትንሽ አሰበና ሙሉውን ከፈለ። ከኋላው ማንም አልተሰለፈም፤ ያን ዕለት በጠቅላላው የመጣው ሰው አንድ አውቶቡስ አይሞላም ነበር። ቲኬቱን ሰጠችው።

«ጣሪያው በቀኝ በኩል ያፈሳል» አለችው። «ወደ ግራ ቁም።»

ጨዋታው ሲጀመር ክፍሉን ቆልፋ ሄደች፤ ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች። ታውን ገና ሳይሞቅ ጎል ገባበት። ክላይቭ አላጨበጨበም፣ አላዘነም። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ግን አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ነበር ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። ኖሪን አልነበረም አለች። ነበር አለ። የኛ ተከላካይ ከኋላ ቆሞ ጫማውን ሲያስር እኮ ነበር፣ ዓይን የለህም? አለችው። እኛ ዘንድ ተከላካይ በጨዋታ መሀል ጫማ አያስርም አለ ክላይቭ። እናንተ ዘንድ የሚባል ነገር የለም አለችው። ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች።

ክላይቭ ወደ ሜዳው እያየ ራሱን ነቀነቀ። «የለም» አለ።

አራት ለባዶ ተሸነፉ። ወደ ቤት ሲመለሱም ስለዚያው ጎል ተጨቃጨቁ፤ ድልድዩን ሲሻገሩም፣ በሩን ሲከፍቱም፣ ማሰሮው ምድጃ ላይ ሲጣድም አላቆሙም። ኖሪን ተናዳ ነበር፤ በዳኛው፣ በተከላካዩ፣ በሚስተር ጋርበት፣ በስታን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፊቷ ተቀምጦ ዳቦውን ቅቤ በሚቀባው ሰው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ ከከተማ ውጪ ነው። መኪናውን ነዳጅ ሙላ አለችው፣ የተጫዋቾቹ አውቶቡስ ሹፌር አሟል፤ ግማሾቹን አንተ ትጭናለህ።