ቁልፍ ተካይዋ

ታምራት የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ እግሩን ባይሰብረው ኖሮ፣ እኔ እስከ ዛሬ ምንም አላውቅም ነበር። ባጃጁን ላመስግነው ወይስ ልርገመው፣ አሁንም አልቆረጥኩም።

ታምራት ባለቤቴ ነው። አምቦ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን የወንድ ልብስ እንሠራለን፤ ኮት፣ ሱሪ፣ አልፎ አልፎም ሰደርያ። "እንሠራለን" የምለው አፌ ለምዶብኝ ነው። የምቆርጠውም የምሰፋውም እኔ ነኝ። እሱ ያለቀውን በትልቅ ሻንጣ ይዞ ይወጣል። ጌዶ፣ እጃጂ፣ ባኮ እያለ የወንዶች ልብስ መሸጫዎችን አንድ በአንድ ይዞራል፤ ያሳያል፣ ያስረክባል፣ ትእዛዝ ተቀብሎ ይመለሳል። እሱ ምላስ አለው፣ እኔ የለኝም። ሥራ የተከፋፈልነው በዚህ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

መቁረጥ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ገብረአማኑኤል ልብስ ሰፊው ሲባል የድሮ የአምቦ ሰው ያውቀዋል። ሲሞት ለወንድሞቼ ቤቱን፣ ለእኔ መቀሱን ተወልኝ። ጥቁር፣ ከባድ መቀስ ነው፤ የአውራ ጣት መግቢያው በአባቴ ጣት ልክ ተበልቷል። ከታምራት ጋር ስንጋባ የሥራችንን ስም "ታምራት ፋሽን" እንበለው ያልኩት እኔው ነኝ። ፍቅር ነበር። ስሙ የተጻፈባትን ቁራጭ ጨርቅ በየኮቱ አንገት ላይ በገዛ እጄ ስሰፋ ኖሬያለሁ።

እግሩ በጄሶ የታሰረው በ2011 ታኅሣሥ፣ የጥር ሠርግ ሲቃረብ ነው። ዓመቱን የምንኖረው በዚያ ወር ሥራ ስለሆነ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ሻንጣውን ራሴ ይዤ ወጣሁ።

እጃጂ ላይ ሮቤራ የሚባል ወጣት ባለ ሱቅ ኮቶቹን እያገላበጠ፣ "ጋሼ ታምራት እንዴት ነው? እጁን ነው እንዴ የተጎዳው?" አለኝ።

"እግሩን ነው።"

"ተመስገን! እጁ ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሞኝ ነኝ፤ እስከ ባኮ ድረስ መኪና ውስጥም ፈገግ እያልኩ ነበር።

ባኮ ይሞቃል። ኦቦ ኦሊቃ የታምራት የልብ ደንበኛ ናቸው፤ ሱቃቸው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። የታምራትን ሻንጣ ይዤ ገና ደጃፉ ላይ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ።

"አካም ጅርታ፣ አዴ ማኅሌት! ግቢ፣ ግቢ። በስም ብቻ ስናውቅሽ ኖረን!"

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ግድግዳውን አየሁ። ታምራት በትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ሜትር አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ የአባቴን መቀስ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል። ከሥሩ "ዲዛይነር ታምራት" ይላል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግራጫ ኮት አወቅሁት። እጅጌውን ሳልገጥም ያቋረጥኩት ለእናቴ ሙት ዓመት ጉደር ስሄድ ነበር። እኔ እናቴን ሳስብ እሱ ፎቶ አንሺ ጠርቷል ማለት ነው።

"ታምሩ ሁሌ ያነሳሻል" አሉኝ ኦቦ ኦሊቃ። "'ቁልፉን የምትተክልልኝ እሷ ናት' ይላል። እውነቱን ነው፣ ቁልፎችሽ አይበጠሱም።"

ከልባቸው ነው ያመሰገኑኝ። የተሳበልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

የወንድማቸው ልጅ ቀነዓ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ሠርጉ በጥር መጨረሻ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አምጥተው አሳዩኝ። አባቱ ሳይሞት ለልጄ ሠርግ ብሎ ገዝቶ፣ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ነው። በጣቴ ስዳስሰው ዓይኔ ልጁ ላይ ነበር፤ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ኮት ሲለብስ በዚያ በኩል ይሸበሸብበታል፤ ሲቆረጥ ነው የሚታሰብለት።

"ልለካው" አልኩ።

ኦቦ ኦሊቃ ሳቁ። "አይ እህቴ፣ ይሄ እንኳ ቁልፍ አይደለም። ጨርቁ ከተበላሸ ሌላ የለንም። ታምሩ ራሱ ይቁረጠው። ቅዳሜ አምቦ ይዤው እመጣለሁ።"

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ግን ልናገር ብዬ ሳስበው ባሌን በሰው ፊት ውሸታም ማለት ሆነብኝ፤ አፈርኩለት። እሱ ያላፈረውን እኔ አፈርኩለት።

ማታ ቤት ስገባ ታምራት እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። ፎቶውን እንዳየሁ ነገርኩት። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አዞረ።

"ሥራ ነው፣ ማኅሌት። የወንድ ኮት ሴት እንደቆረጠችው ቢያውቁ ማን ይገዛል? ለእኛው ብዬ ነው።"

"ስድስት ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኛል?"

"ልነግርሽ አስቤ ነበር…"

"ቅዳሜ ኦቦ ኦሊቃ ሙሽራውን ይዘው ይመጣሉ። ሌላውን ሁሉ ተወው፤ ለእነሱ ለሁለቱ ብቻ ንገራቸው። 'የምትቆርጠው እሷ ናት' በል። ሦስት ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ይቅር እልሃለሁ።"

እጄን ያዘኝ። "በማርያም እነግራቸዋለሁ" አለ። አመንኩት። እንዲያውም አሳዝኖኝ ለእራቱ የሚወደውን ሽሮ ሠራሁለት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። ታምራት ከቤት ሲወጣ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሶ፣ ሜትሬን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ጠበቃቸው። ስለ እግሩ አወራ፣ ስለ መንገዱ አወራ፣ ኦቦ ኦሊቃን አሳቀ። እኔ ጥግ ላይ ሱሪ ይዤ ቁልፍ እየተከልኩ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እላለሁ። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

"በል እንግዲህ፣ ታምሩ" አሉት ኦቦ ኦሊቃ።

ታምራት ወደ እኔ አየ። እኔም አየሁት፤ ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ በክራንቹ ተደግፎ ተነሣ፣ ልጁን ሳይለካ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመረ፣ የአባቴን መቀስ አነሣ። መቀሱን ከፍቶ ጨርቁ ላይ አሳረፈው።

ሊቆርጥ ነው! ሦስት ቃል ከሚተነፍስ የሟች ጨርቅ ማበላሸት መርጧል።

ከጥግ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። መቀሱን ከእጁ ነጠቅሁት፣ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳብኩት። "ና፣ እዚህ ጋ ቁም" አልኩት ቀነዓን።

"ትከሻህን ተሰብረህ ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት እየለካሁ።

"በልጅነቴ ከፈረስ ወድቄ። ልብስ ሰፊ አይቶልኝ አያውቅም።"

የታምራትን መስመር አራግፌ የራሴን አሰመርኩ። የቀኙን ትከሻ ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ጀርባውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን። ስጨርስ ኦቦ ኦሊቃ አፋቸውን ይዘው ነበር።

"አንተ ታምሩ!" አሉ። "ምን አድርገህ ነው ያስተማርካት?"

አሁንም ጊዜ ነበረው። መቀሱን እንደያዝኩ ዞሬ አየሁት፤ በልቤ በል፣ በል አልኩት።

ታምራት ግንባሩን ጠረገ። "እጇ እስኪፈታ አምስት ዓመት ፈጀብኝ" አለ።

የተቆረጠውን ጨርቅ አጣጥፌ በነጠላዬ ቋጠርኩ፣ መቀሱን ከላይ አደረግሁ፣ ለቀነዓ ልብስህን ራሴ ባኮ አመጣልሃለሁ ብዬው ወጣሁ። ጉደር እህቴ ምኞት አለች፤ የስፌት መኪናም አላት። ታምራት በየቀኑ ደወለ። ሁሌም የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ "ነገርካቸው?" እሱም ሁሌ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። በአራተኛው ቀን ማንሣት ተውኩ።

ኮቱን ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ባኮ አደረስኩ። ቀነዓ ለበሰው። ትከሻው ላይ አንዲት መሸብሸብ የለችም፤ መስታወቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ኦቦ ኦሊቃ የኮቱን አንገት ገልበጥ አድርገው የታምራትን ስም ፈለጉ። አልነበረም። ከፊት ለመቆለፍም ሞከሩ።

"ቁልፉስ?"

በወረቀት የጠቀለልኩትን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። "ቁልፍ የሚተክለው ሰው አምቦ ነው ያለው" አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸው ቆመ። ወደ ፎቶው አዩ፣ ወደ ኮቱ አዩ። ቀነዓ ከመስታወቱ ሳይዞር ቀስ ብሎ ተናገረ።

"የምትቆርጠው እሷ ናት። ያን ቀን እኮ አብረን አይተናል፣ አጎቴ።"

ይህችን ሦስት ቃል ለመስማት ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። በቅጡ እንኳ ከማያውቀኝ ልጅ አፍ እንዲያ በቀላሉ ስትወጣ፣ ለታምራት ምን ያህል ቀላል እንደነበረች ገባኝ። የፈለግሁት እኮ እሱ እንዲላት ነበር።

ልጁ ምን በደለ? ቁልፉን ከኦቦ ኦሊቃ መዳፍ መልሼ ወሰድኩ፣ ከቦርሳዬ መርፌና ክር አወጣሁ፣ ከፎቶው ሥር ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ተከልኩለት።