ወንድሟ የዘለለ ቀን

ብሪን የበረዶውን ወራት ሙሉ ከአንድ ዝላይ ጋር ስትታገል ከረመች። ከበረዶ ጉብታ ጫፍ ተወርውሮ፣ አየር ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ በዚያው አንዴ ዞሮ በስኖውቦርዱ፣ በረዶ ላይ በሚንሸራተቱበት ሰሌዳ፣ ማረፍ ነው። ይህን የማይችል በሞንታና ግዛት ቡድን ቦታ የለውም። በአየር የተነፋው ትልቅ ፍራሽ ላይ ስትለማመድ እንደ ድመት በእግሯ ታርፋለች። ፍራሹ ተነሥቶ በረዶው ብቻ ሲቀር ግን፣ ተገልብጣ ሳትጨርስ ገላዋ በድንጋጤ ይዘረጋል፤ ከዚያ በጎኗ ዱብ።

አምና እንዲህ አልነበረችም። አምና አንድ ቀላል ዝላይ ስትዘል አናቷን ተመትታ ራሷን ሳተች። ቁስሉ ዳነ፤ ልቧ ግን በዚያው ቀረ።

የሚያሠለጥናት ታላቅ ወንድሟ ኮልተር ነው። ሰሌዳ ላይ መቆም ያስተማራትም እሱ ነበር፤ ተስፋ መቁረጥ የሚባል ነገር አያውቅም።

የተራራው መንሸራተቻ ለዓመቱ ሊዘጋ በተቃረበበት በሚያዝያ አንድ ቀን፣ በረዶው ላልቶ ውሃ እየቋጠረ ሳለ፣ ብሪን ደጋግማ ተንደረደረች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስም ደጋግማ ቆመች።

«ምነው እቴ፣ ጫፉ ላይ ፖሊስ ቆሟል እንዴ?» አላት ኮልተር።

«እንዳታሾፍብኝ። እግሬ እንቢ እያለኝ ነው።»

«እግርሽ ምን በወጣው! ጭንቅላትሽ ነው።»

«እሱንማ መች አጣሁት።»

ኮልተር ሰሌዳውን እግሩ ላይ ማሰር ጀመረ። «ዞር በይ፣ እኔ ላሳይሽ። ይሄ ሽማግሌ ከቻለ አንቺን ምን ያቅትሻል?»

«አብደሃል? ጉልበትህ ተቀዶ የተሰፋ ነው! ደግሞ ይሄን ሞክረኸውም አታውቅ።»

«ታዲያ አብረን እንማራለና።»

ጮኸችበት፤ አልሰማትም። ተንደረደረ፣ ተገለበጠ፣ ዞረ፤ በሁለት እግሩ አረፈ። እንደ ሕፃን እየጮኸ ወደ እሷ ወጣ።

«አየሽ? አየሽ አይደል? ምንም የለውም እኮ!»

ብሪን ሳቀችለት፣ አቀፈችውም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን በረዶው መጥፎ ነው፣ ጉብታው ተንጋዷል እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። አሁን የምታመካኝበት ጠፋ።

እንዲያም ሆኖ ዘለለች። እንደዚያ ደስ ብሎት እያያት እንዴት ትተወው? ጫፉን ስትለቅ ሰማዩ ተገለበጠ፤ ያ ከአምና ጀምሮ የምታውቀው ነጭ ባዶነት መጣ፤ ላይና ታቹ ጠፋባት። እጆቿን ዘረጋች። የእጇ አንጓ ሲሰበር ድምፁን ኮልተርም ሰማው።

ሮጦ ደረሰ። «አናትሽን ተመታሽ?»

«እጄን ነው።»

«አይዞሽ፤ ለከርሞ…»

«ለከርሞ የለም።»

«ተናደሽ ነው እንዲህ የምትዪው።»

«ብናደድማ ደስ ባለኝ። ያ ነገር ከእኔ ሄዷል፣ ኮልተር። ተወው በቃ።»

ኮልተር አጠገቧ እርጥቡ በረዶ ላይ ተቀመጠ።

«ምናለ ባልዘለልኩት» አለ።

«ቆንጆ አድርገህ ነው የዘለልከው» አለችው። እውነቷን ነበር።

የነፍስ አድን ሠራተኞች መጥተው በበረዶ መጎተቻ አልጋቸው ላይ አስተኟት፤ ይዘዋትም ቁልቁል ተንሸራተቱ። ኮልተር ሰሌዳውን አላሰረም፤ የሁለቱንም ሰሌዳ በብብቱ ይዞ፣ በረዶው እስከ ጉልበቱ እየዋጠው፣ ከኋላቸው በእግሩ ወረደ።