ብርድ መትቶት ነው

ቫርኒሽ ቀቢዋ አለቃዋን የናቀችው ገና በተቀጠረች ሰሞን ነው። ሰውየው ከቢሮው ወጥቶ ወደ እንጨት ሥራው ክፍል ሲገባ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይለጥፋል፤ በመሐረቡ ውስጥ ሆኖ "በርቱ ልጆቼ!" ይላል፤ ከዚያ ውልቅ። ልጆቼ ይበል እንጂ ግማሾቹ በዕድሜ ይበልጡታል።

ታላቅ ወንድሟ እዚያው መጋዝ ማሽኑ ላይ ይሠራል። ደረቱ ሰፊ ስለሆነ "በሬው" ይሉታል። መጋዙ ሲጮህ ሰጋቱራው ወለሉ ላይ ይከመራል፤ ክፉው ግን የሚከመረው ሳይሆን እንደ ዱቄት ልሞ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ነው። ቅንድብ ላይ፣ ጆሮ ውስጥ፣ ምራቅ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። እሷ ማስክ ስታደርግ በሬው፣ "ሙሽራ መሰልሽ እኮ፣ እቱ!" እያለ ይስቅባታል። እሱንም ለዚህ ሳቁ ትንሽ ትንሽ ትንቀው ነበር።

ውሎ አድሮ ደረቅ ሳል ያዘው፤ ደረቱም ማፏጨት ጀመረ። ማሽኑ ተበላሽቶ ቤት የዋለ ሳምንት ለቀቀው። በተመለሰ ዕለት ከምሳ በፊት አፈነው።

እህቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠች፣ በመሣሪያም አስተነፈሰችው።

"አስም ነው። ያመጣብዎት የእንጨቱ ብናኝ ነው፤ ቤት ሲውሉ የሚሻልዎት ለዚህ ነው። እዚያው ከቀጠሉ ይብስብዎታል" አለችው።

ይህን ለአለቃው ሲነግሩት ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ፣ "ሐኪም ምን ያውቃል? ብርድ መትቶት ነው!" አለ። ቸርነቱንም አሳየ፦ ብርድ እንዳይገባ መስኮቶቹን በሙሉ አዘጋ፤ "ሳንባ ያጥባል" ብሎ ለሠራተኛው ወተት አስመጣ። ለክፍሉ የተገዛው የአቧራ መምጠጫ ማሽን ግን ከነማሸጊያ ላስቲኩ ቢሮው በር ላይ ተገትሮ እንግዳ ያስደንቃል። ቫርኒሽ ቀቢዋ፣ ባለማወቅ ቢሆንማ ባዘነችለት። አፍንጫውን የሚሸፍን ሰው ግን ያውቃል።

ወተቱን ሊያድል ራሱ መጣ። እሷም መጋዙ አጠገብ ወንበር አስቀመጠችለት።

"እስቲ እርስዎም አብረውን ይጠጡ።"

"እኔ እንኳ..."

"መሐረቡን ካላወረዱ እንዴት ይጠጣሉ?"

ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል። እምቢ ለማለት አፍሮ ተቀመጠ። በሬው ማሽኑን አስነስቶ ጣውላ ገፋ። ጣውላው ለሁለት ሳይሰነጠቅ ሰውየው እንባና ንፍጡ ተቀላቅሎ ብርጭቆውን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ።

"ኧረ ቀስ ይበሉ!" አለች ከኋላው። "ብርድ እንዳይመታዎት!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሬውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ማሽኑን ተደግፎ አየር ፍለጋ አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ሳቁ ሁሉ ተቆረጠ። እህቱ ማሽኑን አጥፍታ ወደ ግቢው አወጣችው፤ ሐኪሟ ያዘዘችለትን የሚነፋ መድኃኒት አፉ ላይ ያዘችለት።

ትንፋሹ ሲመለስለት፣ "በቃኝ፣ እቱ" አላት።

አሁን የበር መቆለፊያ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ሳሉ ቀሎለታል፤ ደረጃ ሲወጣ ግን መሐል ላይ ይቆማል። ከእሱ በኋላ መጋዙን የሚነካ ሰው ስለጠፋ የመምጠጫው ላስቲክ ተቀደደ፣ መስኮቶቹም ተከፈቱ። አለቃው ደንበኛ በመጣ ቁጥር፣ "ለእኔ ከሠራተኛዬ ጤና የሚበልጥ የለም" ይላል። ቫርኒሽ ቀቢዋ ይህን ስትሰማ ብሩሿን ነክራ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ሰላምታውንም እስካሁን አትመልስለትም።