ጠርጎ እንደገና መጻፍ

ሐኪም ቤት ገብታችሁ «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ስትባሉ፣ መልሳችሁ የት እንደሚገባ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ፕሮግራመሯ ታውቃለች፤ የሆስፒታሉን ሰንጠረዦች የሠራችው እሷ ናት። ታካሚው የራሱ ረድፍና መለያ ቁጥር አለው። የማይስማሙት ነገሮች ግን ተራ ቃላት ናቸው፤ መለያ የላቸውም፤ በታካሚው ቁጥር ሥር ተንጠልጥለው ሌላ ሰንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንዱን ለይቶ አይነካም። ገጹ ላይ ለውጥ በተደረገ ቁጥር የታካሚውን ቃላት በሙሉ ይጠርግና ከገጹ የተሰጠውን እንደ አዲስ ይጽፋል። የድሮዎቹም ከአዲሱ ጋር እስከተሰጡት ድረስ ጉዳት የለውም።

ኃላፊዋ ግን ነርሶች ገጹ ተንቀራፈፈ ብለው ሲያማርሩበት፣ የድሮዎቹ ቃላት ከገጹ ጋር እንዳይመጡ አስደረገ። ከዚያ ወዲህ ነርሷ አንድ አዲስ ቃል ስትጨምር ለፕሮግራሙ የሚደርሰው እሱ ብቻ ሆነ። የቀረው ይጠፋል። አስጠንቅቃው ነበር። «አንቺ ደግሞ ዝንብ ጢዝ ባለ ቁጥር ሬሳ ይታይሻል» አላት፤ ቢሮው በሙሉ ሳቀባት።

ያሳደገቻት አክስቷ ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ሆስፒታል ለቀዶ ጥገና ተኝታለች። ዛሬ ጠዋት ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ ፕሮግራመሯ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ፔኒሲሊን ነው አለች። አክስትየው ከዓመታት በፊት በዚሁ መድኃኒት ትንፋሿ ተቋርጦ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ፕሮግራመሯ የነርሷን እጅ ያዘች።

«ገጿ ላይ የማይስማማት ተብሎ ያለው የላስቲክ ጓንት ብቻ ነው እኮ፣ እህቴ» አለች ነርሷ ግራ ገብቷት። «ትናንት ራሴ ነኝ የጨመርኩት።»

«ፔኒሲሊኑንም ተናግሬያለሁ» አለች አክስትየው። «አፌ እስኪደርቅ። ምን አረጋችሁት?»

«ጓንቱን ስትጨምሪ ፔኒሲሊኑ ተጠርጓል፤ የሌሎቹም እንዲሁ ነው» አለቻት ፕሮግራመሯ። ነርሷ ሌሎቹን ታካሚዎች በአፍ ልትጠይቅ ወደየአልጋው ሮጠች። ጥግ ላይ የተኛው ሰውዬ ግን ራሱን ስቷል፤ ከላዩ የተሰቀለው ፈሳሽ መድኃኒት ጠብ ጠብ ይላል። እሱን ማን ይጠይቀዋል?

ፕሮግራመሯ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ታች ያለው የስብሰባ አዳራሽ በሐኪሞች ተሞልቷል፤ ኃላፊዋ ገጹ እንዴት በቅጽበት እንደሚከፈት እያሳየ ነበር። ማይክሮፎኑን ሳትጠብቅ ከመሃል ቆመች።

«ለምን እንደፈጠነ ይንገሯቸው» አለች። «ምን እንዳስጠፉ ይንገሯቸው። አሁን በዚህ ሰዓት የማይስማማው መድኃኒት እየተሰጠው ያለው ማን ነው? ይህን ቢሮዎ ገብቼ አልጠይቅዎትም። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱ።»