ሳይላክ የቀረው ውጤት

ተማሪዎቻቸው ከኋላቸው «ጋሽ ነጠላ ሰረዝ» ይሏቸው ነበር። ፕሮፌሰሩ በአርባ ዓመት የማስተማር ዘመናቸው አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ገብታ አምልጣቸው አታውቅም ይባላል። ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘው ከተቀመጡ ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆኖ ነው የሚመለሰው። የቅጽል ስሙን እሳቸውም ያውቁታል። ለይምሰል ይቆጣሉ እንጂ በልባቸው ይኮሩበታል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ዩኒቨርሲቲው ሊለቃቸው ስላልፈለገ፣ በሥራቸው ለተመሰገኑና ማኅበረሰባቸውን ላገለገሉ የቀድሞ ምሩቃን በየዓመቱ ሽልማት የሚሰጠውን ኮሚቴ እንዲመሩ አደረጋቸው። ሰውዬውም ሥራውን የያዙት ልክ እንደ ፈተና እርማት ነበር።

በዚያ ዓመት ለማኅበረሰብ አገልግሎት ዘርፍ ዘጠኝ ማህደሮች ቀረቡ። ስምንቱ ያው የተለመዱት ናቸው፤ ወረቀታቸው የሚያብረቀርቅ፣ ፎቶግራፋቸው የተመረጠ፣ ሰው ራሱን አሞግሶ ሲያበቃ በወዳጁ ስም ያስፈረመባቸው። ዘጠነኛው ግን ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ ነበር። ከሥሩ ሠላሳ አንድ ወላጆች ፈርመውበታል፤ መፈረም ያልቻሉት ደግሞ የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኑረዋል። አንዲት ሴት በአሮጌ የመኪና ጋራዥ ውስጥ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሃያ ስምንት ዓመት እንዳስተማረች ይናገራል። «የሌላው ልጅ አፉን ሲፈታ የኔ ልጅ እጁን ፈታ፤ ያስፈታችውም እሷ ናት» ይላል አንዱ መስመር። ፕሮፌሰሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ። ደብዳቤው ውስጥ ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል። እያዩ አለፉት።

«በቃ፣ ይቺ ናት» አሉ ለኮሚቴው። የተቃወመ አልነበረም።

በሳምንቱ የሬጅስትራር ኃላፊዋ ማህደሮቹን ከመዝገብ ጋር አመሳክራ መጣች። ነገር ማለዘብ የማታውቅ ሴት ናት።

«ስምንቱ ምንም አይሉም። ዘጠነኛዋ ግን አልተመረቀችም» አለች።

«እንዴት ያለ ነገር ነው? እዚሁ አይደል እንዴ የተማረችው?»

«አራት ዓመቷን ጨርሳለች። ውጤቷም ሸጋ ነው። አንድ ትምህርት ብቻ ኢንኮምፕሊት እንደሆነ ቀርቷል።»

ኢንኮምፕሊት ማለት ተማሪ አንድ ሥራ ሳያስገባ ሲቀር መምህሩ ለጊዜው የሚሞላው ምልክት ነው። ሥራው ሲገባ መምህሩ ያርምና ፎርም ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ራሱ ለሬጅስትራር ያስረክባል። ከመምህሩ በስተቀር ያንን ምልክት ሊነካ የሚችል ፍጡር የለም። ዲኑም ቢሆን አይችልም።

ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያሳዝናል። ግን እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው። ሽልማቱ የምሩቃን ነው፤ ዛሬ ለሷ ብለን በሩን ገርበብ ብናደርግ ነገ ማንን ልንመልስ ነው? ደግሞ አራት ዓመት ተምሮ አንዲት ወረቀት ማስገባት የሚያቅተው ሰው... ጥፋቱ የራሷ ነው። ለመሆኑ የትኛው ትምህርት ነው?»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አገላበጠች። «የጥናት ዘዴ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የእርስዎ ነው፣ ፕሮፌሰር» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። የኮሚቴው አባላት በሙሉ ድንገት ፊታቸው ያለው ወረቀት አስቸኳይ ሆነባቸውና አቀረቀሩ። ፕሮፌሰሩም «እንመለስበታለን» ብለው ስብሰባውን በተኑ።

ወደ ቤታቸው በእግራቸው ሄዱ። ልጅቷ ትዝ ብላቸዋለች። ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ስትናገር ድምጿ የማይሰማ፣ ስትጽፍ ግን ቁምነገር ያላት ልጅ ነበረች። እናቷ ታመውባት የሁለት ሳምንት ጊዜ ለመነቻቸውና ፈቀዱላት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ወረቀቱን አመጣች። ያኔ እሳቸው ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ ሊሄዱ አንድ ሳምንት ቀርቷቸው ነበር፤ ቪዛው፣ ሻንጣው፣ ስንብቱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? እሳቸው የቆጡን አወረዱ። ከብብታቸው የወደቀው ግን የሰው ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ነውና ይረሳል ይባላል። እግራቸውን የሚያስረው ሌላ ነገር ነው። ውጭ አገር ሁለት ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ሳለ ወረቀቱ ትዝ ብሏቸው ነበር። አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይበቃ ነበር። «ይሄኔ ሬጅስትራር አንድ ነገር አድርጎላት ይሆናል» ብለው ለኅሊናቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ይህንን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለባለቤታቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤታቸው ዕቃ ቤት ውስጥ ኮሽታ ሰምተው ሲገቡ ሰውዬው በካርቶን ተከበው፣ አቧራ ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ቀብረህ ነው እንዲህ የምትቆፍረው?»

«ሰው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ባለቤታቸው ሊስቁ ከጀሉና ፊታቸውን ሲያዩ ተዉት። ጉልበታቸውን እየደገፉ አጠገባቸው ተቀመጡ። የሚፈለገው ወረቀት አራተኛው ካርቶን ውስጥ ተገኘ። ወረቀቱ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች ውስጥ እንዴት ከክፍል እንደሚቀሩ የሚያትት ነበር። ነጠላ ሰረዞቹ ሁሉ ታርመዋል። በመጨረሻው ገጽ ላይ በራሳቸው ቀይ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ዘጠና አንድ። በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ይህን ነገር እንዳታቆሚ።» ከወረቀቱ ጀርባ ፎርሙ ተያይዟል፤ ተሞልቷል፣ ተፈርሟል፣ ቀን ተጽፎበታል። የቀረው ሁለት ፎቅ ወርዶ ማስረከብ ብቻ ነበር።

ባለቤታቸው ወረቀቱን አንብበው፣ ልጅቷ በዚህ ሰበብ ሳትመረቅ እንደቀረች ከሳቸው ሰሙ። «የገበያ ዝርዝሬ ላይ ሳይቀር ሰረዝ የምትጨምር ሰው» አሉ በመጨረሻ። «ያን ሁሉ ሰረዝ ስታይ ልጅቷን እንዴት ሳታያት ቀረህ?»

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ከነፎርሙ አንስተው አቧራውን አራገፉለት።

ኮሚቴውን ሰብስበው ተናዘዙ ቢባል ይቀላል። ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና «ጥፋቱ የራሷ ነው ያልኩት ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝ፤ የኔ ነው ተብሎ ይጻፍ» አሉ። የሬጅስትራር ኃላፊዋ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችና፣ ቀኑም ፊርማውም ትክክል ነው፣ ይሄማ ይሠራል አለች። ጉዳዩ ሴኔት ደርሶ በሦስት ሳምንት ውስጥ አለቀ፤ ዲግሪዋም ሽልማቷም ጸደቀ። ፕሮፌሰሩ ደብዳቤውን ራሴ ካላደረስኩ አሉ። መንገዱን ሁሉ የሚናገሩትን ሲያሳምሩ ነው የሄዱት።

ጋራዡ በሩ ሰፊ፣ ወለሉ የዘይት ጠባሳ ያለበት ነው። በደወል ፈንታ ጣሪያው ላይ አንድ አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል ልጆቹ ቀና ይላሉ። ሴትዮዋ አሁን ሃምሳን አልፋለች። ስታያቸው ወዲያው አወቀቻቸው።

«ጋሽ ነጠ...» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ፣ መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ።»

«ለብቻችን ብንነጋገር፣ ልጄ።»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ለብቻ የሚወራ የለም» አለች እንደ መሳቅ ብላ። «እነዚህ ልጆች በየቤታቸው ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እያዩ፣ ምን እንደተባለ የሚነግራቸው አጥተው ነው ያደጉት። እኔ ጋ አይደገምባቸውም። በአፍ የተነገረ ሁሉ በእጅ ይነገራል። ይናገሩ፤ እኔ አስተረጉማለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ያሳመሩትን ንግግር ጀመሩ። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ባሉ ቁጥር የሷ እጆች ተነስተው፣ ሠርተው፣ ቆመው ይጠብቃሉ። አሥራ ስምንት ልጆች ደግሞ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ከእጇ ወደ ፕሮፌሰሩ ፊት፣ ከፊታቸው ወደ እጇ ይመለከታሉ። በዚህ መካከል ጌጡ ሁሉ ረገፈና ፍሬው ብቻ ቀረ።

«ወረቀትሽን አርሜ ሳላስረክብ ረሳሁት።»

እጆቿ ተናገሩ።

«አይ፣ ውሸት ነው። ኋላ ትዝ ብሎኝ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ።»

እጆቿ አየር ላይ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ያንንም ተናገሩ።

አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጣቶቿን አፍጥና አንድ ነገር ጠየቀች። «ታዲያ መምህራችን ወድቃለች ወይስ አልፋለች? ትላለች» አለች ሴትዮዋ።

«አልፋለች! ዘጠና አንድ ነው ያገኘችው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ልጆቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አወዛወዙ፤ ጭብጨባቸው እንዲያ ነው። ለአፍታ ፕሮፌሰሩ ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መሰላቸው፤ ደረታቸውም ቀለል አላቸው።

ሴትዮዋ የመጨረሻውን ገጽ አነበበች። «እንዳታቆሚ» የሚለውን በጣቷ ነካችው። «እኔ እኮ የወደቅሁ መስሎኝ ነበር» አለች፤ አሁንም በእጇም በአፏም። «ወረቀቱ ከማነሱ የተነሳ ንቀው የተዉት መስሎኝ። ሦስት ጊዜ በርዎ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። እርስዎን ማን ይደፍራል? በኋላም ሄደዋል ተባለ።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ለኔ የሆነውን ይቅር ብዬዎታለሁ። ሽልማቱንም መጥቼ እቀበላለሁ፤ ወላጆቹ ደስ ይላቸዋል።» ከዚያ አምፖሉን ድርግም አድርጋ ልጆቹን ወደ ሥራቸው መለሰችና ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቿን ወደ ታች ጣለች። «የሌሎቹን ግን እኔ ይቅር ማለት አልችልም። ርዕሰ መምህሯ ዲግሪ ከሌላት ትምህርት ቤት ፈቃድ አያገኝም። ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ልጆቹ ለመንግሥት ፈተና አይቀመጡም። ፈቃዱን ያገኘነው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፤ ዲግሪ ያላት መምህርት መጥታልን፣ በሷ ስም። ከዚያ በፊት የነበረው ሃያ ሁለት ዓመት ነው፣ መምህር። በመስኮቱ ይመልከቱ።»

ግቢው ውስጥ አንድ ጎልማሳ አናጢ ጀርባውን ሰጥቷቸው ጣውላ ይልጋል።

«የመጀመሪያ ተማሪዬ ነው። የሒሳብ ጭንቅላቱን ቢያዩ! እኔ ማስተማሩ ሲያቅተኝ እሱ ነበር የሚያስተምረኝ። ድልድይ መሥራት ነበር ምኞቱ። ለፈተና ይቀመጥልን ብለን ሁለት ዓመት ደጅ ጠናን። የትምህርት ቢሮ ሰዎች የርዕሰ መምህሯ ዲግሪ የታል ሲሉኝ የማሳየው አልነበረኝም። አሁን አግዳሚ ወንበር ይሠራልናል።»

ፕሮፌሰሩ ወደ መስኮቱ ተጠግተው አናጢውን አዩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተዋል፤ ውሃው ምን ያህል እንደሆነ ያዩት ግን ያኔ ነው። እሳቸው አንዲት ልጅ መስላቸው ነበር የመጡት።

«አስተርጉሚልኝ። አሁኑኑ እሱንም ይቅርታ ልጠይቅ» አሉ።

«ይሄንንስ አላስተረጉምም» አለች። በቁጣ አልነበረም። «በኔ እጅ ከጠየቁት ለኔ ብሎ እሺ ይላል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለወላጆች የእጅ ቋንቋ እናስተምራለን። ይምጡና ይማሩ። ከዚያ ራስዎ ይንገሩት።»

«በሰባ አራት ዓመቴ? ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል?»

«እንደ ተማሪው ነው» አለች፤ ወደ ልጆቿም ተመለሰች።

ፕሮፌሰሩ ወደ ግቢው ወጡ። መሄድ ነበረባቸው፤ እግራቸው ግን ወደ አናጢው ወሰዳቸው። ከኋላው ቆመው፣ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን አንስተው «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። መላጊያው አላቆመም። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ይወድቃል። ያሉትን አንድ ጊዜ ደገሙትና አፈሩ።

ዞረው ፊት ለፊቱ ቆሙ። አናጢው ቀና ብሎ አያቸው፤ ለእንግዳ ፈገግ እንደሚባለው ፈገግ አለ፤ ምን ፈልገው ነው በሚል ዐይንም ጠየቃቸው። ፕሮፌሰሩ ሁለት እጃቸውን አነሱ። እንዳነሷቸው ቀሩ፤ ምን እንደሚያደርጉባቸው አላወቁም። አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ በትዕግሥት ጠበቃቸው።