የዘሃራ ግራ ጆሮ

ደንበኛቸው አጓ የጨርቅ ሱቁን ባንኮኒ ተደግፋ በተሰባበረ አማርኛ ብዙ ተናገረች። ሙሐመድኑር እንደ ልማዱ ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ፣ "ዋጋ ቀንሺልኝ ትላለች" ሲል ጮኸባት።

ዘሃራ ቀና ብላ አየችው። አጓ የተናገረችው ሌላ ነበር፤ በገዛ ጆሮዋ ሰምታዋለች። "እኔ ፈራሁ ላንቺ። እሑድ ስምሽ ጠርተን ጸለይን" ነበር ያለችው።

የአዲስ አበባው ሐኪም በቀኝ ጆሮዋ ውስጥ የደረቀችውን ቅንጣት አጥንት አውጥቶ በምትኳ ሰው ሠራሽ ተክሎላት ነበር። ጥጡ ከወጣ ወዲህ የመቀሱ ድምፅ፣ የጨርቁ መንሿሿት ሳይቀር ተመልሷል፤ ግራው እንደ ደነቆረ ተራውን ይጠብቃል። ሙሐመድኑር "አሳክሜ አዳንኳት" እያለ ሰፈራቸውን ኒውላንድን አዳርሷል፤ የሚቀመጥበትን በርጩማም ወደ ቀኟ አዙሯል። አስተርጓሚነቱን ግን አልተወም።

"ጸሎቱንስ ለምን ተውከው?" አለችው።

"ወሬ ነዋ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰውን ወሬ እየቆረጥኩ ባላቀርብልሽ ኖሮ ሱቁ ይዘጋ ነበር።"

ኩራቱ አስገረማት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ እያየች ቁም ነገረኛ አድርጋ ቀርጻው ኖራለች፤ የማይሰሙት ሰው ሁሉ ጠቢብ ይመስላል። ጆሮዋ ሲከፈት ያገኘችው ሐሜትና ራስን ማወደስ ነበር፤ ያንንም እየደጋገመ።

"እናቴ ስትሞት ያስታመሟት ሽማግሌ ከመቲ መጥተው ነበር" አለች በዝግታ። "እንባቸውን እየጠረጉ ረጅም ነገር ነገሩኝ። ምን ነበር ያሉት?"

"አላህ ያጽናሽ አሉ።"

"ሌላስ?"

"ማን ያስታውሳል፣ ዘሃራ?"

ሽማግሌው ከሞቱ ቆይተዋል። ይዘውት የመጡት የእናቷ የመጨረሻ ቃል በዚህ ሰው አፍ ውስጥ እንደ ጨርቅ ቁራጭ ተጥሎ ቀርቷል፤ እሱ ግን የጣለው ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣ ግን ለእሱ በዛበት።

ሙሐመድኑር ዝምታዋን እንደ ምስጋና ቆጥሮ ፈገግ አለ። "ለግራው ቀጠሮ ልደውል ነው። ያኔ በሁለቱም በኩል ትሰሚኛለሽ።"

"ግራው ይቆይ" አለች።

ተነሥታ በርጩማውን ከቀኟ አነሣችና በግራዋ አኖረችው። በስፍራው የራሷን ትራስ አስቀመጠች።

"ነይ እቴ አጓ፣ እዚህ ተቀመጪ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ምንም እንዳታስቀሪ።"

በግራዋ የተቀመጠው ሙሐመድኑር አንዳች ነገር መናገር ጀምሯል። አልዞረችም።