እኔ ሰሌዳ አልወለድኩም

ሰው አገር የሄድኩት ዓሣ ለማየት አይደለም። ልጅ ልይዝ ነው። የመጨረሻዋ ልጄ ጥርስ ያላወጣች ሕፃን ታቅፋ መጥታ፣ "እማዬ፣ ውጭ አገር ሄጄ ባሕር ውስጥ ልሠራ ነው" አለችኝ። ስንት ይከፍሉሻል አልኳት። "በጎ ፈቃድ ነው" አለች። እሱ ደግሞ ምንድን ነው ብላት፣ በነፃ መሥራት ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። በነፃ መሥራት ከሆነ እኔም ዕድሜ ልኬን ሠርቻለሁ፤ በጎ ፈቃደኛ ብሎ የጠራኝ ግን አንድ ሰው የለም።

ባሏ ሥራውን ጥሎ መምጣት አይችልም፤ ስለዚህ አሮጊቷ ተጠቅልላ ተጫነች። እምቢ እንዳልል ደግሞ ልጄ ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት ዓመት ደጅ ስትጠና እንደኖረች አውቃለሁ። ባሕር ውስጥ ገብተው የሚያጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ይተዋወቃሉ። አንዱ ጋ በጥፋት የተባረረ ሌላው ዘንድ አይገባም። ይህን እሷ ናት የነገረችኝ፤ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች።

የሰጡን አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ጨው ያልበዋል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የልጄ የመጥለቂያ የጎማ ልብስ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል፤ ድንገት በሩን ስከፍት ሰው የተሰቀለ እየመሰለኝ ስንቴ ደንግጫለሁ። ጠዋት ትወጣለች፣ ከሰዓት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ዓይኗ ቀልቶ ትመጣለች። ሕፃኗን፣ ሚጢን፣ ተቀብላኝ ታጠባለች፤ እያጠባች ታንኮራፋለች። ሕፃኗ እንዳትወድቅ የማጠባው እኔ የሆንኩ ይመስል ሥራቸው ተቀምጬ ሁለቱንም እደግፋለሁ።

"ዛሬ ምን ሠራሽ?" እላታለሁ እንዳትወድቅ ላነቃት።

"ኮራል ቆጠርን።" ኮራል የሚሉት ባሕር ሥር እንደ ድንጋይ የሚያድግ ፍጡር ነው።

"ትናንትስ?"

"ኮራል።"

"አያልቅም እንዴ?"

"እያለቀ እኮ ነው እማዬ የምንቆጥረው።"

ወገቤም እያለቀ ነበር፤ እሱን የቆጠረው የለም። እንዲህ ስንንከላወስ ከረምንና አንድ ቀን ቁርጡን ነገርኳት። ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ሚጢንም ይዣት እሄዳለሁ፣ አባቷ ዘንድ ጡጦ ትለምዳለች አልኳት። አማቼ ቲኬቱን ቆረጠልን። ልጄ አልተከራከረችም። ብትከራከር ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕፃኗን ስታጠባ ማንኮራፋቱን ተወችና ዝም ብላ ታያት ጀመር።

ስለ ሰሌዳው ልንገራችሁ። ጀልባዋ ላይ አንድ ሰሌዳ አለ። ለእያንዳንዱ ጠላቂ አንድ አንድ ቆርቆሮ ተንጠልጥሎበታል፤ ባንድ በኩል ቀይ፣ በሌላው ነጭ ነው። ውሃ ሊገቡ ሲሉ ቀዩን ያዞራሉ፣ ወጥተው ጀልባ ላይ ሲቀመጡ ነጩን። ሕጉ የራስህን በራስህ እጅ ነው። ሰሌዳው ሁሉ ነጭ ካልሆነ ጀልባ ነጂው መልህቅ አይስብም፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ማንንም አይጠይቅም። ልቤ እንዲያርፍ ብላ ልጄ ራሷ ወስዳ አሳይታኛለች። ልቤም አርፎ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት እንደ ልማዴ ሚጢን አዝዬ ጀልባ መቆሚያው ላይ ቆሜያለሁ። ሌላ ቀን ልጄ ገመዱ ሳይታሰር ናት የምትዘለው፤ ጡቷ ሞልቶ ያማታል። ያን ቀን ሰዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ የአየር ጋናቸውን አወረዱ፣ የእግር መቅዘፊያቸውን አወረዱ። እሷ የለችም።

ቀውላላው መጣ። ቀውላላው ከእኛው አገር የመጣ ጎረምሳ ነው፤ ከልጄ ጋር ጥንድ ሆነው ነው የሚጠልቁት። ቋንቋቸውን ስለማላውቅ የሚያስተረጉምልኝም እሱ ነው።

"ልጄስ?" አልኩት።

"ከኋላ ናት እማማ፣ ሸራው ውስጥ ልብስ እየቀየረች።"

"ሸራው ውስጥ ማንም የለም፤ ይታየኛል።"

"ሽንት ቤት ትሆናለቻ።"

"ሽንት ቤት የላትም ብላችሁ አይደል እንዴ ጀልባዋን ስታሟት የምትውሉት?"

ዞሮ ጀልባዋን አየ። ዘሎ ገባና ሸራውን ገለጠ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። አለቃቸው ፀጉሯን የተላጨች፣ ስትስቅ አይቻት የማላውቅ ኮስታራ ሴት ናት፤ እሷም ሮጣ ሰሌዳው ዘንድ ሄደችና በጣቷ እየነካች አየችው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

"ሰሌዳው ወጥታለች ነው የሚለው አለች" አለ ቀውላላው።

"ሰሌዳውን እኔ አልወለድኩም! የወለድኳት የታለች?"

ይህን አልተረጎመላትም። መተርጎምም አላስፈለገው። ጀልባ ነጂው ገመዱን እየፈታ ነበር፤ ሸሚዙን ጨምድጄ ያዝኩት። እሱ በቋንቋው አንድ ነገር አለኝ፣ እኔም በቋንቋዬ አንድ ነገር አልኩት፤ ለማንኛችንም አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ልግባ ብል ሕፃን አዝለሻል ብለው መለሱኝና ሄዱ።

የዓሣ ሣጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ሚጢ የጡት ሰዓቷ አልፎ ታለቅሳለች፤ ብስኩት በውሃ አርሼ አጎረስኳት፣ ተፋችው። የቀሩት ሰዎች ፎጣቸውን ተከናንበው ከሩቅ ያዩኛል። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ምስኪን አሮጊት ትጸልያለች ብለው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ስሳደብ ነበር። ባሕሩን ከነአባቱ ሰደብኩት። ዓሣውን፣ ኮራሉን፣ በጎ ፈቃድን ያመጣውን ሰው፣ ቲኬት ከመቁረጥ ሌላ የማያውቀውን አማቼን፣ ማንንም አላስቀረሁም። ስድቡ ሲያልቅብኝ ነው መፍራት የጀመርኩት። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ውሃው ዓይን የማያስገልጥ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ጥቁር ነገር የልጄ ራስ ይመስለኛል፣ ወፍ ሆኖ ይነሳል።

ጀልባዋ ስትመጣ ቀድሜ ያየሁት ነጂውን ነው። ቆሞ እጁን ያውለበልብልኛል።

አላቀፍኳትም። ሕፃኗን ሰጠኋት። እዚያው እርጥቡ ላይ ዝርፍጥ ብላ ጡቷን አወጣች፤ ሚጢ ራሷ በአፏ ፈልጋ ያዘችው። ዓሣ አጥማጆች ያሰሩት ተንሳፋፊ በርሜል አለ፤ ገመዱ ላይ ተንጠልጥላ ነው ያገኟት። መዳፏ ተልጧል። ማንም ምንም አልጠየቃት፤ ብርድ ልብስ ደራርበን አስተኛናት።

በማግሥቱ ጠዋት ኮስታራዋ ሁሉንም ሰብስባ፣ ሰው ቆጥሮ ያልተነሳ ጀልባ አይነዳም ብላ ነጂውን አሰናበተችው። ቀውላላው ይህን ሲነግረኝ ጫማውን ነው የሚያየው። በመስኮት ባይ ሰውዬው ጀልባ መቆሚያው ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ቁልፉን አስረክቧል፤ ቤቱ አልሄደም። የት እንደሚሄድ የጠፋው ሰው ነው የሚመስለው።

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

"እማዬ" አለች ሳትዞር፣ "ጥፋቱ የሱ አይደለም።"

"የማነው ታዲያ?"

"ቆርቆሮዬን ቀውላላው ነው የሚገለብጥልኝ። መሰላሉን ስይዝ ያየኛል፣ ቶሎ እንድንነሳ ብሎ ይገለብጠዋል። ለሚጢ እንድደርስ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ትናንትም መሰላሉን ይዤ ነበር፤ ኮራሉን የምንለካበት ሜትር ከወገቤ ወለቀ። ተመልሼ ወረድኩ። አፍታ መስሎኝ ነበር።"

"ይህን ለአለቃሽ ለምን አልነገርሻትም?"

"ከባሕር ታወጣኛለች። ሌላ ቦታም የሚወስደኝ የለም። ታውቂያለሽ እኮ።"

"ሰውዬውስ?"

ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ሳበች።

እኔ ለኮስታራዋ ልንገራት ብል የሚያስተረጉምልኝ ቀውላላው ነው፤ ሰው የገዛ ጥፋቱን ሳያጎድል ሲተረጉም ደግሞ አይቼ አላውቅም። መናገር ያለባት እሷው ናት።

"ተነሺ" አልኳት።

ዞረችና አየችኝ። "ደስ ይልሻላ" አለችኝ። "ከመጣን ጀምሮ የምትመኚው ይህንን ነው፤ ከባሕር እንድወጣልሽ።"

"አዎ፣ ደስ ይለኛል። የኔን ደስታ ተይውና ፊትሽን ታጠቢ። ሰውዬው ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።"

ብርድ ልብሱን ገፍፋ ተነስታ በተላጠ መዳፏ ፊቷን እየታጠበች አለቀሰች፤ እኔም ያላየሁ መስዬ የሚጢን ዳይፐር ቀየርኩ።

ሄዳ ለአለቃዋ ነገረቻት። የሆነው ያለችው ነው። ነጂው ቁልፉን ተቀበለ። እሷና ቀውላላው ሥራው እስኪያልቅ ውሃ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ቀውላላው በዚያው ቀን ሻንጣውን ሸከፈ፤ ደህና ሁኚም አላለኝ። ለልጄ ግን ኮስታራዋ አንድ ሥራ ሰጠቻት። ከፈለግሽ ጀልባዋ ላይ ቅሪ፣ ሰሌዳውን አንቺ ያዢ፣ ከውሃ የወጣውን ሰው ፊቱን አይተሽ በስሙ ጠርተሽ ከዚያ ግለብጪ አለቻት።

"ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ቆርቆሮ ልገለብጥ ነው?" አለችኝ፣ የሚጢን ልብሶች እያጠፈች። "አልፈልግም። ነገ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

እልል ማለት ነበረብኝ። ጉልበቱ አልነበረኝም። ልብስ ስታጥፍ አየኋት፤ አንዱን ካናቴራ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች።

"ደክሞኛል እማዬ።"

"እኔም ደክሞኛል። ደክሞኝ ነው ያሳደግኩሽ።"

"ምን አድርጊ ነው የምትይኝ ታዲያ?"

"እኔ ምንም አልልሽም። የነዚያ ጠላቂዎችም እናት የሆነ ቦታ ቁጭ ብላለች። ሲወጡ ዓይኑን ተክሎ የሚያያቸው ሰው ቢኖር ምን አለበት? አንቺን ያየሽ አልነበረም።"

ካናቴራውን ሻንጣው ውስጥ ከታ ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ነው የተነሳችው። ደረቅ ሱሪ ለብሳ፣ ባርኔጣ አድርጋ፣ ሚጢን አጥብታ ሰጠችኝ። ትሄጃለሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች። በመስኮት አየኋት። ጀልባ ነጂው ሰላም አላላትም፤ ምን ብሎ ሰላም ይበላት? ግን የምትቀመጥበት ቦታ ላይ የተጠቀለለውን ገመድ በእግሩ ገፋ አደረገላት።

ሻንጣዬ በር ላይ ተዘጋጅቷል። ታክሲው መጥቶ ቆመ። በዚያች ሰዓት ሚጢ የጠባችውን ሁሉ ደረቷ ላይ መለሰችው። ደረቅ ልብሷ ያለው ከሻንጣው ታች ነው፤ ያንን የመሰለ አሸካከፍ የሸከፈችው እናቷ ናት። ጎንበስ ብዬ ከፈትኩት። ቀሚሶቼን አወጣሁ፣ ጫማዬን አወጣሁ፣ ሹራቤን፣ የወገቤን መድኃኒት፣ ለአማቼ የገዛሁትን ቀበቶ አወጣሁ። አልጋው ሞላ። ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ።

"ልጅ እያለበስኩ ነው!" ብዬ ጮህኩ፣ በቋንቋዬ።

ደግሞ ነፋ። የሚጢን አንድ እጅ እጅጌው ውስጥ አስገብቼ ሌላውን ስፈልግ፣ ጎማው ጠጠሩን ሲፈጨው ሰማሁ።

ይሂድ። ወገቤን ይዤ ከልብሱ መሃል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሚጢም እየዳኸች ሄዳ ባዶው ሻንጣ ውስጥ ገባች።